ስም የሚያወጣው የቆመ ነው

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በጎተራ፣ በንፋስ ስልክና በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲና አቃቂ የሚወርደው መንገድ የሚጠራው በሚያደርስበት ቦታ ስም ነው። ደብረ ዘይት መንገድ ይባላል። የሚያደርስበት ከተማ ግን ስሙን ከለወጠ ሰንብቷል። ቢሾፍቱ በ1940ዎቹ መጨረሻ ደብረ ዘይት ተባለች፤ ከአራት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ደግሞ ወደ ጥንት ስሟ ተመለሰች። መንገዱ ግን አልተመለሰም፤ የድሮውን ስም እንደያዘ ቀረ። እንዲህ ያለ ግትር መንገድ ታሪኩን የሚናገረው በወግ በተመረቀበት ቀን ሳይሆን ዳርና ዳሩ በተጣበቁት ስሞች ነው። መሿለኪያ፣ በቅሎ ቤት፣ ላንቻ፣ ጎተራ፣ ንፋስ ስልክ፣ አደይ አበባ፦ እነዚህን በቅደም ተከተል የጠራ ሰው ሳያውቀው የአንድ መቶ ዓመት የጉዞ ታሪክ ጠርቷል። በቅሎው፣ ባቡሩ፣ የጭነት መኪናው፣ ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ፣ ፋብሪካው ሁሉም አለበት። ከዚህ የሚወጣው ክርክርም አንድ ነው፦ ይህን መስመር መንግሥታት ደጋግመው የሠሩት ለሚያልፍ ሲሉ ነበር፤ ሰፈር ያደረገው፣ ስም ያወጣለት፣ አዲስ አማራጭ በመጣ ቁጥርም ከመሞት ያተረፈው ግን የቆመው ነው።

የቦታ ስም ምን ማስረጃ ይሆናል የሚል ይኖራል። ነገሩ እውነት አለው፤ በአዲስ አበባ አንድ ሰፈር ለስሙ ሦስት ታሪክ አያጣም፣ ሦስቱም ተራኪዎች ደግሞ የዓይን ምስክር መስለው ያወራሉ። ስለዚህ እዚህ ሚዛን ላይ የሚወጣው ስሙ ራሱ በግልጽ የሚናገረው ብቻ ነው። በቅሎ ቤት ለመባል በቅሎ የሚያድርበት ቤት ያስፈልጋል። ጎተራ ለመባል እህል የሚከማችበት ጎተራ መኖር አለበት። ላንቻን ከጣሊያኑ ላንቺያ መኪና ጋር ለማያያዝም ጆሮ ብቻ ይበቃል። እነዚህ ስሞች የጋራ ጠባይ አላቸው፤ አንዳቸውም የጉዞን ፍጥነት ወይም የመንገዱን ስፋት አያወሱም። ሁሉም የሚጠሩት ማረፊያን፣ ማከማቻን፣ መጠገኛን ነው። ሰፈር የምንለው ቃል እንኳ ሥሩ መስፈር ነው፤ ድንኳን ጥሎ፣ እንስሳ አስሮ፣ እሳት አንድዶ ማደር። ቋንቋው መንደርን ከጅምሩ የሚያስበው ከጉዞ መሐል እንደ ተገኘ ማረፊያ ነው።

የመንገዱ የመጀመሪያ ደንበኛ ሆድ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር የቤተ መንግሥቱን፣ የሠራዊቱንና የሎሌውን ቀለብ የሚችል እርሻ በእንጦጦ ሥር አልነበራትም። ደቡቡ ግን ነበረው። ከአቃቂ ወዲያ የሚዘረጋው የአድአ ጥቁር አፈር እስከ ዛሬ ስሙ የሚጠራ ጤፍ ያበቅላል፤ ማኛ ሲባል የአዲስ አበባ ሸማች ቀድሞ የሚጠይቀው የአድአ መሆኑን ነው። ያ እህል በአህያና በበቅሎ ወደ ከተማው የሚወጣበት መስመር ከዛሬው አስፋልት ብዙ አይርቅም። በዚያው በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረርን ሲይዙ ደግሞ መስመሩ ሁለተኛ ሥራ አገኘ። ወደ ዘይላና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ቆዳውንና የዝሆን ጥርሱን ጭኖ በዚህ በኩል ወደ ምሥራቅ መታጠፍ ጀመረ። ጉዞው ሳምንታት ይወስድ ነበር፤ በሳምንታት ጉዞ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ጉዳይ መሄድ ሳይሆን ማደር ነው። ውኃ የት አለ፣ ግጦሽ የት ይገኛል፣ ሽፍታ የማይደርስበት ሜዳ የቱ ነው? መንገዱ በእነዚህ መልሶች መካከል የሚሳል መስመር ነበር። ማንም መሐንዲስ ሳይቀይሰው በፊት ማረፊያዎቹ ቀይሰውታል።

ባቡር ይህን ሁሉ ሊሽር መጣ። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ከተተካ በኋላ በ1907 ዓ.ም. ገደማ አቃቂ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መስመሩ ከጅቡቲ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለገሃር የሚያምረውን ጣቢያውን ያገኘው ከዚያም ወዲህ በ1922 ዓ.ም. ነበር። የሳምንታቱን ጉዞ ባቡሩ ወደ ቀናት አወረደው፤ ሆኖም እሱም ቢሆን በመጀመሪያው ዘመን ሌሊት አይሄድም ነበር። በጉዞው መሐል ተሳፋሪ ወርዶ ያድራል። ድሬዳዋንና አዋሽን ከተማ ያደረጋቸው የሎኮሞቲቩ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሲመሽ ቆሞ ማደሩ፣ ውኃ መቅዳቱ፣ መጠገኑም ነው። በእኛ አካባቢም አቃቂ ከወንዝ መሻገሪያነት ወደ ከተማነት ያደገችው ባቡር ስለሚያልፍባት ሳይሆን ስለሚቆምባት ነው። ቋንቋውም ይህን መዝግቦታል፤ ለገሃርና ፉርጎ የተወረሱት ከፈረንሳይኛ ነው፤ አንዱ መቆሚያውን፣ ሌላው ዕቃ የሚጫንበትን ሠረገላ ይጠራል።

ኋላ አንድ ክፍለ ከተማ ስሙን የወረሰው ንፋስ ስልክ ደግሞ ለዚህ ክርክር የመጨረሻ ፈተና ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ በነፋስ የሚሄድ መልእክት የሚቆምበት ቦታ የለውም፤ ኮረብታ አያግደው፣ ወንዝ አያስቸግረው። የ1920ዎቹ አዲስ አበባ ለዚህ ተአምር ያወጣው ስም ንፋስ ስልክ ነበር፤ ግሩም ትርጉም ነው፣ ከየትኛውም የባዕድ ቃል ይልቅ ነገሩን ያስረዳል። በዚሁ ደቡባዊ አቅጣጫ አቃቂ ላይ የጣሊያኑ ኩባንያ አንሳልዶ የሠራው ጣቢያ የአገሪቱ ዋና የሬዲዮ በር ሆነ፤ በ1928 ዓ.ም. መስከረም፣ በወረራው ዋዜማ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ አድማጮች በሬዲዮ ንግግር አድርገዋል። ድምፁ ውቅያኖስ ተሻገረ። ስሙ ግን ከነፋሱ ጋር አልሄደም፤ እዚሁ መንገድ ዳር ቀረ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍላተ ከተማ ስትዋቀር ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ ከቄራና ከሳር ቤት እስከ ለቡና ጀሞ ለተዘረጋ ሰፊ አካባቢ መጠሪያ ሆነ። በዓለም ላይ ከሁሉ ፈጣን የነበረው ነገር እንኳ ለከተማው የተወው ትዝታ የተተከለበትን ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚደጋገመው ተቃውሞ ይነሳል፦ «መንገዱን የሠራው ጣሊያን ነው፤ ቀሪው ጌጥ ነው» የሚለው። ለዚህ አባባል ሁለት ዓይነት ማስረጃ ይቀርባል። አንዱ የአስፋልቱ ዕድሜ ነው። ሌላው የቋንቋው ምስክርነት ነው፤ ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ቡሎን፣ ከመነዳሪ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። የመጀመሪያውን እንመልከት። በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙሶሊኒ 2800 ኪሎ ሜትር ያህል ዋና ዋና መንገዶች እንዲሠሩ አዘዘ። መስመሮቹ ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አዲግራት፣ በደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጅማ፣ ከአሰብ ወደ ደሴ፣ ከኦምሐጀር በጎንደር ወደ ደሴ ነበሩ። የአዳማው መስመር በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚህ በኩል ባቡር ነበር፣ ባቡሩ ደግሞ የሚያወጣው በፈረንሳይ እጅ ወዳለችው ጅቡቲ ነው። ወራሪው ገንዘቡንና ጉልበቱን ያፈሰሰው ከጅቡቲ ጥገኝነት ለመውጣት ወደ ሰሜን ነበር። በኋላ በዚህም መስመር መሥራቱ አይካድም፤ ግን የመንገዱን አቅጣጫ የወሰነው እሱ አልነበረም፤ በቅሎና ባቡር ወስነው ጨርሰዋል። ታሪክም ሲያፌዝ፣ በመጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ከአዲስ አበባ ያስለቀቀው የእንግሊዝ ጦር አዋሽን ተሻግሮ፣ በአዳማ አልፎ የመጣው በዚሁ በደቡቡ በር ነው።

የቋንቋው ምስክርነትም ሲመረመር ወደ ሌላ ይወስዳል። እነዚያ ቃላት የመኪና ቃላት እንጂ የመንገድ ቃላት አይደሉም፤ መንገዱን ራሱን የምንጠራው በአማርኛ ነው። ከአምስቱ ዓመት ወረራ ጋር ብቻ የገቡም አይደሉም። ኢትዮጵያዊ ሾፌር በፍቅር የሚያስታውሰው ኤንትሬ፣ ማለትም ፊያት 682 ኤንትሬ፣ የተሠራው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ወደ አገር የገባውም ተገዝቶ እንጂ ወርሮ አይደለም። ቃላቱ የኖሩት ወራሪው ስላስተማራቸው ሳይሆን መኪናው ሲሰበር የሚጠግነው ሰው ስለሚያስፈልጉት ነው። የጎሚስታውን ሥራ ጠጋ ብሎ ላየ ይህ ይገለጥለታል። አስፋልት ዳር የተደረደሩ አሮጌ ጎማዎች ምልክቱ ናቸው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ዳር ይዞ ሲቆም ረዳቱ ይወርድና ጎማ ሥር ታኮ ያስገባል። ክሪኩ ይነሳል፣ ቡሎኑ ይፈታል፣ ጎማው በብረት ተፈልቅቆ ከቸርኬው ይላቀቃል። ከመነዳሪው ይነፋና ውኃ በሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ ይነከራል፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ቀዳዳው ነው። ይፋቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ይለጠፋል። ሾፌሩ በዚህ መሐል ሻይ ቤት ገብቷል፣ ረዳቱ ዳቦ ገዝቷል። ከአንዲት የፈነዳች ጎማ ሦስት ሰው እንጀራ በላ። መንገዱን ሰፈር የሚያደርገው ይህ ነው፤ የጣሊያንኛው ቃል በዚህ ኑሮ ውስጥ ዜግነቱን ከለወጠ ሰባ ሰማንያ ዓመት አለፈው።

ከነፃነት በኋላ የነበረው የመንገድ ይዞታም ለዚሁ ይመሰክራል። የጣሊያን መንገዶች በጥገና እጦት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለፈራረሱ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ከመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ድርጅቱ የተፈጠረው ከምንም ለመሥራት ብቻ ሳይሆን የነበረውን ለመጠገን ነው። የሠራ ሁሉ ባለቤት አይሆንም፤ መንገድ የሚሆነው ለሚጠብቀው ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ የመንገዱን ዕጣ የለወጠው ሥራ መጣ። እስከዚያ ድረስ ወደ አሰብ የሚሄደው ጭነት በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በደሴ የሚወጣና የሚወርድ ነበር። ከአዋሽ በአፋር ሜዳ ወደ ሚሌ የሚያቋርጠው መንገድ ሲከፈት ያ ሁሉ መኪና ወደ ደቡቡ በር ዞረ። ሞጆ ላይ ወደ ሐዋሳና ሞያሌ የሚታጠፈውን ስንጨምርበት የአገሪቱ ሁለት ታላላቅ መስመሮች በሳሪስና በቃሊቲ አንድ ገመድ ሆነው ወደ ከተማ ይገባሉ ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ አሰብ ሲዘጋ ደግሞ ገመዱ ይበልጥ ከረረ፤ ከገቢና ወጪ ንግዱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ሆነ።

ሌላው ተቃውሞ ከባድ ነው። ሳሪስንና አቃቂን ሰፈር ያደረጋቸው ጎሚስታና ሻይ ቤት አይደለም፤ ፋብሪካ ነው ይላል። በእርግጥም ከ1940ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ፣ የክር፣ የቀለም፣ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በዚህ መስመር ተሰልፈዋል፤ የከተማዋ ወዛደር ማለዳ የሚጎርፈው ወደዚህ ነበር። ይሁንና ፋብሪካው ራሱ ለምን እዚህ ቆመ? ጥጡ ከአዋሽ ሸለቆ በዚህ በኩል ይመጣል፣ ማሽኑ ከወደብ በዚህ በኩል ይገባል፣ አቃቂ ላይ ውኃም ሐዲድም አለ። ፋብሪካ ማለት ከጭነት መኪና የበለጠ ረጅም ጊዜ የሚቆም እንግዳ ነው፤ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ከሁሉ የሚገርመው የአደይ አበባ ዕጣ ነው። የክር ፋብሪካ ስም ነበር፤ ዛሬ ብዙ ወጣት የሚያውቀው የቀላል ባቡር ፌርማታ ሆኖ ነው። ፌርማታ ራሱ መቆሚያ ማለት ነው። ሠራተኛው ወርዶ የሚገባበት በር ስሙን ለተሳፋሪው አስረከበ።

ያለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ለዚህ ክርክር እንደ ሙከራ ናቸው። በከተማ ልጅ አፍ ኮንፊውዥን ይባል የነበረው የጎተራ አደባባይ፣ መኪና ከየአቅጣጫው ገብቶ የሚፋጠጥበት፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቻይና እርዳታ ተደራራቢ ማሳለጫ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ 33 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ቀለበት መንገድ ደቡቡን ከምዕራብና ከምሥራቅ አገናኝቷል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ የሚዘልቀው፣ ከማያያዣዎቹ ጋር ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ባለ ስድስት መስመር የክፍያ ፈጣን መንገድ ተከፈተ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ አብዛኛውን በደብረ ዘይት መንገድ ወገብ ላይ ሆኖ፣ መሄድ ጀመረ። በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በዚሁ ክፍለ ከተማ ጠርዝ፣ በፉሪ ለቡ ጣቢያ ተመረቀ። እያንዳንዱ ሥራ ሲመረቅ አሮጌው መንገድ እፎይ ሊል ነው ተብሎ ነበር። አሮጌው መንገድ ግን እፎይ አላለም። ወደ ገላንና ዱከም መጋዘን የሚገባ፣ ቃሊቲ ጉምሩክ የሚያስፈትሽ፣ ሳሪስ መለዋወጫ የሚገዛ፣ ከአድአ እህል የሚያመጣ ሁሉ አሁንም በእሱ ላይ ነው። ፈጣኑ መንገድ የወሰደለት አላፊውን ነው፤ የሚቆመው ሁሉ ቀረለት።

በመጨረሻ የሚመጣው ተቃውሞ የመሐንዲሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ሊከበር የሚገባው ይህ ነው። መቆምን እንዲህ የሚያሞግስ ሰው ስለ አደጋው ምን ይላል? ተሳቢ መኪናና የትምህርት ቤት ልጅ በአንድ አስፋልት ላይ ሲጋፉ የሚከፈለው ሕይወት ነው። ዳር ይዞ የቆመ መኪና ሌላውን ያሳውራል፤ የመንገድ ዳር ገበያ እግረኛውን ወደ አስፋልት ይገፋዋል፤ የሚዘገየው የአገር ጭነት ደግሞ በመጨረሻ በሸማቹ ዋጋ ላይ ይደመራል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ወደብ ናፋቂውን ከሰፈር ነዋሪው መለየት ተገቢ ሥራ ነበር። ስህተቱ የሚጀምረው የፈጣኑን መንገድ ሕግ ወደ አሮጌው መንገድ ይዘው ሲመለሱ ነው። ቀለበት መንገዱ ሲሠራ የመሐል ግንቡን እየዘለለ የሚሻገረው ሕዝብ ሥርዓት አልባ ተባለ፤ ቀላል ባቡሩ ደብረ ዘይት መንገድን ለሁለት ሲከፍለው ከሳሪስ ማዶ ለማዶ መሻገር ራሱን የቻለ ጉዞ ሆነ። ግንብ የሚዘልል ሰው የሚያሳየን ግን አንድ ነገር ነው፦ መሻገሪያው ያለው ኑሮው ካለበት ቦታ ርቆ ነው። ደኅንነትን የሚያመጣው መቆምን ማጥፋት ሳይሆን ለመቆም ቦታ መስጠት ነው፤ ለጭነት መኪናው ከአስፋልቱ ወጣ ያለ ማረፊያ፣ ለእግረኛው በደጁ መሻገሪያ፣ ለጎሚስታው ጎማ የሚነቅልበት ሜዳ። ሲራራ ነጋዴው መስመሩን የመረጠው ለማደሪያው ሲል ነበር፤ የዘመኑ ቀያሽም ከእሱ የሚማረው አለ።

ፈጣን መንገዱ ላይ መቆም ክልክል ነው፤ ለዚህ ነው ፈጣን የሆነው። እንዲያም ሆኖ ሥራውን አሳምሮ ይሠራል። ነገር ግን ከተከፈተ ጀምሮ አንድም የራሱ ስም አላወጣም። በሮቹ ላይ የተጻፈው ቱሉ ዲምቱ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ ነው፤ ሁሉም ከጎኑ ካለው ከአሮጌው መንገድ የተዋሳቸው ናቸው። የለቡው ባቡርም እንዲሁ የሰፈሩን ስም ተበድሮ ቆሟል። ስም የሚወጣው ወያላው «ሳሪስ! ሳሪስ አቦ! ቃሊቲ!» እያለ ከሚጮኽበት፣ ከወንበሩ መሐል አንዱ «ወራጅ አለ!» ብሎ ታክሲውን ከሚያስቆምበት መንገድ ነው። ነገ በዚያ ቦታ ምን እንደሚሠራ፣ ማን በምን ተጭኖ እንደሚመጣ አይታወቅም። የሚጠራበትን ስም ግን እንደ በቅሎ ቤቱና እንደ ላንቻው ሁሉ የሚያወጣው እዚያ የሚወርደው ሰው ነው።